የአያታችሁን ጠገራ ብር አታሹት

ከአገር ቤት በሻንጣችሁ የመጣው በርበሬና ሽሮ ብቻ አይደለም፤ አይደል? ብዙዎቻችን ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ የተቋጠረ አንድ የጠቆረ ጠገራ ብር አይጠፋም። ልጆች ሲያገኙት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለምን ቆሸሸ?» ብለው ነው። እኛም ሎሚና አመድ፣ እሱ ከሌለ የጥርስ ሳሙና ይዘን እንነሳለን። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን እንድትተዉ ነው።

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ በዓመታት ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሰብሳቢዎች ይህን ስስ ልባስ የዕድሜው ምስክር አድርገው ያዩታል። ስናሸው ግን ብሩም አብሮ ይላጣል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ይተዋል። ሎሚና አቼቶ አሲድ ናቸው። ሱቅ የሚሸጠው ብር የሚያበራ ፈሳሽም ቢሆን ላዩን ገፎ ነው የሚያበራው። የተገፈፈ ደግሞ አይመለስም።

የትኛው ሳንቲም እንዳላችሁ መጀመሪያ እዩ። የሴት ምስል ካለበትና 1780 የሚል ከሆነ ማርያ ትሬዛ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ያው 1780 እየተጻፈበት ተመቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። የምኒልክ ምስል ካለበትና በጀርባው አንበሳ ካለ ግን በጣም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ፓሪስ ተመትተው ፲፰፻፹፯ የሚል የግዕዝ ቁጥር አለባቸው። እስቲ ልጆች፣ አንብቡት! አሥር፣ ስምንት፣ መቶ፣ ሰማንያ፣ ሰባት፤ 1887 ዓ.ም. ማለት ነው። የንጉሡ ዘውድና የአንበሳው ፀጉር ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሲታሹ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

እኔ ጋ ያለው የእናቴ ነው። አንገቷ ላይ ታስረው ስለነበር አንጥረኛ ጆሮ በይዶለታል፤ አንዱ ጎኑም ተሟልጧል። እዚሁ አትላንታ አንድ ሱቅ ሳሳየው፣ ሻጩ «ጆሮውን ነቅዬ፣ ቦታውን ሞልቼ፣ እንደ አዲስ አበራልሃለሁ» አለኝ። አመስግኜ ይዤው ወጣሁ። ለምን መሰላችሁ? ጆሮው ከተነቀለ የብየዳው ጠባሳ ይቀራል፤ ጠባሳው ከተሞላ ደግሞ ሳንቲሙ ያልሆነውን መስሎ ይታያል። የተሟለጠውን ጎን ያለሰለሰው የእናቴ ቀሚስ ነው። እሱን አጥፍቼ ለልጆቼ ምን ላወርሳቸው ነው?

ታዲያ ምንም አይነካ ማለቴ አይደለም። ባለሙያዎች የሚለዩት አንድ ነገር አለ፤ የሳንቲሙ ያልሆነውን ማንሳትና የሳንቲሙን መግፈፍ ይለያያሉ። አፈር ከያዘ የተጣራ ውኃ (ፋርማሲ በጋሎን የሚሸጠውን) ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትፈትጉት። የፕላስተር ሙጫ ከያዘው ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ከተወበት፣ ንጹሕ አሴቶን ብረቱን ሳይነካ ያሟሟዋል። ግን አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። አዋቂ ብቻ፣ ከምድጃ ርቆ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በብርጭቆ ዕቃ ይጠቀምበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም።

ዋጋ ያለው ከመሰላችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ ውስጥ ያለው ኤንጂሲ የሚባለው ሳንቲም መርማሪ ድርጅት የጥገና ክፍልም አለው። እንደዚህ ያሉ መርማሪዎች ክፉኛ የታሸ ሳንቲም ሲያገኙ «የጸዳ» ብለው ይጽፉበታል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የጠቆረው ብዙ ጊዜ ከሚያበራው የሚበልጠው ለዚህ ነው።

አቀማመጡም ይታሰብበት። የአትላንታ በጋ ወበቅ ስለሆነ ቤዝመንት አታኑሩት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ። ስታነሡትም ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ያዙ።

ልጆች ማጽዳት ካማራቸው በፔኒ ይሞክሩ። አንድ የጠቆረ ፔኒ አቼቶና ጨው ውስጥ ይክተቱ፣ ሌላውን እንዳለ ይተዉት። የተነከረው ወዲያው ያበራል፤ ግን ቀለሙ ሮዝ ሆኖ ሕይወት ያጣል። ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው የትኛው ታሪክ እንዳለው እነሱው ይነግሯችኋል። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ከአትላንታ በስተሰሜን ወዳለችው ዳሎኔጋ ውሰዷቸው፤ ከ1838 እስከ 1861 የወርቅ ሳንቲም ይመታባት የነበረች ከተማ ናት፤ የወርቅ ሙዚየምም አላት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉ። ሳንቲሙን ፎቶ አንሡ፤ በትንሽ ወረቀትም የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት ጆሮ እንዳወጣ ጻፉ። የሚያውቀው ሰው በሕይወት ካለ አሁኑኑ ደውሉለት። ብሩ ቢጠቁር ችግር የለውም፤ ታሪኩ ከጠፋ ግን የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም።