በዛፍ ኮርቻ ላይ ስለ መቀመጥ

ኮርቻ የሚለው ቃል በተነገረ ጊዜ የአገር ሰው ልቡ ወደ በቅሎ ይሄዳል። ሳይመች የተጫነ ኮርቻ የበቅሎን ጀርባ ይልጣል፤ በቅሎዋም አፍ ስለሌላት ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያየው ማታ ኮርቻው ሲወርድ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አዳኞች ግን ሌላ ዓይነት ኮርቻ አላቸው፤ ይኸውም ከእንስሳ ላይ ሳይሆን ከዛፍ ላይ የሚታሰር ነው። በዚህኛው የሚላጠው ተቀማጩ ራሱ ነው፤ ደግሞም አፍ እያለው ዝም ይላል።

የዛፍ ኮርቻ የሚባለው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ከጠንካራ ጨርቅ ወይም ከመረብ የተሰፋ ሰፊ መታጠቂያ ሲሆን ከወገብ ጀምሮ እስከ ጭን ድረስ ሰውነትን ከበስተኋላ ይደግፋል። በግራና በቀኝ ከዳሌ አጠገብ ካሉት ሁለት ማያያዣዎች አንድ አጭር ገመድ በፊት በኩል ይዘረጋል፤ ይህን ገመድ ድልድይ ብለው ይጠሩታል። ሌላው ዋናው ገመድ በዛፉ ግንድ ዙሪያ ይታሰራል፤ ሁለቱም ካራቢነር በሚሉት በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ቀለበት ይገናኛሉ። አዳኙም ትንሽ የብረት መርገጫ ከግንዱ ጋር አስሮ እግሩን በዚያ ላይ ያሳርፋል፤ ፊቱን ወደ ዛፉ አድርጎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ዛፍ የሚገርዙ ሠራተኞች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መታጠቂያ ከጥንት ይዘውት ነበር፤ ከአዳኞች ወገን ደግሞ የሚሺጋኑ ጆን ኤበርሃርት በመጻፍም በማስተማርም ብዙ ሰው እንዲያውቀው አድርጓል።

በዚያው በሚሺጋን ግዛት የሚኖር አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የቀረበ፣ ይህን ኮርቻ የገዛው ስለ ፍርሃት ነበር። ጎረቤቱ ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ የብረት ወንበር ወድቆ ወገቡ ስለ ተሰበረ፤ በአሜሪካ አዳኞችን ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው ጥይት ሳይሆን ከዛፍ መውደቅ እንደ ሆነም ሰምቶ ስለ ነበር፤ ከመሬት ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ ከገመድ የማይለይበትን መሣሪያ መረጠ። ምርጫው መልካም ነበረ። ነገር ግን ዕቃውን ከሱቅ እንደ መጣ ታጠቀው፤ አንዲት ማሰሪያ እንኳ ሳያላላ ሳያጠብቅ ወደ ጫካ ገባ።

በሚሺጋን ሕግ ዋላን በደጋንና በፍላጻ ማደን ከመስከረም 21 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ይፈቀዳል፤ ከኅዳር 6 ቀን ወዲያ ጠመንጃ የያዘው ሁሉ ስለሚወጣ ጫካው ይታወካል። ወንዱ ዋላ ሴቲቱን የሚፈልግበት ወራት ደግሞ የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር መጀመሪያ ነው። በሌላ ጊዜ በቀን ተሸሽጎ የሚውለው እንስሳ በዚያን ሰሞን በቀትርም ሳይቀር ይዞራል። ስለዚህ ከጎሕ እስከ ምሽት በዛፍ ላይ መዋል የቻለ ሰው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ከሚወርደው ይልቅ ብዙ ያያል። የዋላ ዓይን ቀለምን ለመለየት እምብዛም ነው፤ እንቅስቃሴን ግን አያልፍም። እንግዲህ የአዳኙ ሥራ በአብዛኛው መቀመጥ ነው፤ ይኸውም ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ።

ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ደኅና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶቹ በጉጠት እንደ ተያዙ ሆኑ። ወደ ግራ ዞር አለ፤ ወደ ቀኝ ዞር አለ፤ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን አሳረፈ። በሦስተኛው ዞር ማለቱ ከበታቹ ሳያያት ቆማ የነበረች አንዲት ዋላ በአፍንጫዋ ነፍታ መሬቱን በሰኮናዋ መታችና ጅራቷን እንደ ነጭ ጨርቅ ወደ ላይ አንሥታ ሄደች። እርሱም ራሱን ወቀሰ እንጂ ኮርቻውን አልመረመረም። አባቱ አዳኝ ነበሩና በበረዶ ውስጥ በግንድ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጡ እንደ ነበር ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል፤ የእርሱም ሕመም የትዕግሥት ጉድለት መሰለው። መከራን መቻልና መከራን ሳያስፈልግ ማቆየት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ብዙ ብልህ ሰው እንኳ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። የግራ እግሩ መጀመሪያ ነደደው፤ ቀጥሎ ቀዘቀዘው፤ በመጨረሻም ምንም አልተሰማውም፤ ሕመሙ ስለ ጠፋም ለመደልኝ ብሎ ደስ አለው። ለመውረድ የወገቡን ገመድ በግንዱ ዙሪያ አዞረ፤ ይህም የስልክ እንጨት የሚወጡ ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ገመድ ነው። ከዚያም ዋናውን ገመድ ፈታና የግራ እግሩን ወደ መወጣጫው ሰደደ። እግሩ ብረቱን ረግጦ እንደ ሆነ አልረገጠም እንደ ሆነ ማወቅ አልቻለም። ክብደቱን በጣለበት ጊዜ እግሩ ታጠፈ፤ አንድ ክንድ ያህል በግንዱ ላይ ተንሸራተተ፤ የወገቡ ገመድ በአንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉብታ ላይ ስለ ያዘለት ብቻ ቆመ። ፊቱ በቅርፊቱ ተፈገፈገ። በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ደም ወደ እግሩ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ደቂቃ ቆየ፤ መሬቱም ከበታቹ አምስት ሜትር ነበረ።

ማታ ሚስቱ በዳሌዎቹ ላይ የወጣውን ሰማያዊ ምልክት አይታ፣ «ይህን ያደረገብህ ሰው ቢሆን ኖሮ ትከሰው ነበር» አለችው። በማግሥቱም ራሷ ወደ አንድ ሽማግሌ ወሰደችው፤ ሽማግሌው አርባ ዓመት በዛፍ ገረዛ የኖሩ፣ በገመድ ላይ መቀመጥን ከወንበር ይልቅ የለመዱ ሰው ነበሩ።

ሽማግሌው ወደ ጫካ አልወሰዱትም። በግቢያቸው ካለው የሜፕል ዛፍ ላይ መርገጫውን ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርገው አሰሩና «ውጣ፤ ተቀመጥ፤ እንደ ወትሮህ ሁን» አሉት። እርሱም እንደ ወትሮው ሆነ። ዝም ብለው ጥቂት ካዩት በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ገመድ አልነበረም፤ «በኪስህ ምን አለ?» ነበር። ሰንጢና የሰዓት ሰንሰለት፣ አንድ እፍኝ ሳንቲምም ወጣ። ሁሉም ከማሰሪያው ሥር ሆነው ሥጋውን ሲጫኑት ኖረዋል።

ቀጥለው የፊተኛውን የወገብ ቀበቶ አላሉለት። ቀበቶው ኮርቻው እንዳይወርድ የሚይዝ ብቻ ነው፤ ክብደት የሚሸከመው በድልድዩና በኋላው ጨርቅ ነው፤ ነገር ግን የፈራ ሰው ሁሉ ቀበቶውን ያጠብቃል። ከዚያም የጨርቁን የታች ጠርዝ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጭኑ መካከል እንዲስብ፣ የላይኛውንም ጠርዝ ወደ ወገቡ እንዲያወጣ አዘዙት። ጨርቁ በመቀመጫው ሥር ተሰብስቦ እንደ ገመድ ሆኖ ነበርና በተዘረጋ ጊዜ ሰውየው ሳያስበው «እፎይ» አለ።

«ድልድዩ ስንት ነው?» አሉት።

«ከሱቅ እንደ መጣ ነው፤ አልነካሁትም» አላቸው።

እዚህ ላይ የነገሩ ፍሬ አለ። የሰውየው ዳሌ ከማያያዣ እስከ ማያያዣ አርባ ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ካራቢነሩም ከሆዱ ፊት ሃያ ሳንቲሜትር ርቆ ነበር። እንዲህ በሆነ ጊዜ የድልድዩ ሁለት ክንፎች በሰፊው ተከፍተው ሰውነትን ከመያዝ አልፈው ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ይጨምቁታል። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ክብደቱን ሁሉ በገመዱ ላይ ቢጥል በእያንዳንዱ ዳሌ ላይ የአርባ ኪሎ ጭመቃ ያርፍበታል። ካራቢነሩ ወደ ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር ቢርቅ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ኮርቻ፣ የሚሰማው ጭመቃ ወደ ሃያ ሦስት ኪሎ ይወርዳል። ለዚህም ድልድዩን አንድ ስንዝር ያህል ማስረዘም ይበቃል። የሂሳብ ሠራተኛው ይህን በወረቀት ላይ ራሱ አሰላውና አፈረ፤ የሌላውን ሰው ቁጥር ሲያርም ሃያ ዓመት ኖሮ የራሱን አጥንት ቁጥር ሳይመለከት ቀርቷልና።

ነገር ግን ሽማግሌው ከዚያ በላይ እንዲያስረዝም አልፈቀዱለትም። ድልድዩ ከመጠን ባለፈ ጊዜ ተቀማጩ ከዛፉ ይርቃል፤ በዋናው ገመድ ላይ ያለውንም ቋጠሮ በእጁ ሊደርስበት አይችልም። ይህ ቋጠሮ በ1931 እ.ኤ.አ. ካርል ፕሩሲክ የሚባል የኦስትሪያ ተራራ ወጪ ያስታወቀው ሲሆን በስሙ ይጠራል፤ ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፤ ክብደቱ ሲነሣለት በእጅ ይንሸራተታል። አዳኙ ወደ ዛፉ የሚቀርበውና ከዛፉ የሚርቀው በዚህ ስለ ሆነ ከእጁ መራቅ የለበትም።

የዋናው ገመድ ከፍታም የራሱ ነገር አለው። ሰውየው በደረቱ ትክክል ያስረው ስለ ነበር ክብደቱ ወደ እግሩና ወደ መርገጫው ይሄድ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ይደክሙ ነበር። ሽማግሌው ወደ ግንባሩ ትክክል ከፍ አደረጉለት፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ መቀመጫው ተመለሰ፤ ጉልበቱንም በግንዱ ላይ አስደግፎ እንደ ወንበር መቀመጥ ቻለ። ቆሞ መለጠጥ ሲፈልግ ገመዱን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ መቀመጥ ሲፈልግ ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱንም በየግማሽ ሰዓቱ ቢያፈራርቅ አንዱ የደከመው ሥጋ በሌላው ያርፋል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ከለከሉት፦ ገመዱ እንዳይረግብ። በረገበ ገመድ የወደቀ ሰው ርቀቱ አጭር ቢሆንም በድንገት ይያዛልና አደጋ ነው። እግርንም ሳያሳርፉ ተንጠልጥሎ መቆየት ደምን በእግር ውስጥ አጠራቅሞ ራስን ያስታል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንዲህ ከተመቸኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም «እንቅልፍ የሚወስድህ ሌሊት ስላልተኛህ ነው፤ ኮርቻ ምን አደረገ?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እርሱ በዚያ ዛፍ ላይ ጋዜጣ እያነበበ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። የሚያልፉ ልጆች ሳቁበት። ሲወርድ በድልድዩ ላይ የተስማማውን ልክ በቀይ ክር ምልክት አደረገበት።

በኅዳር መጀመሪያ ብርዱ በጸና ጊዜ ወደ ጫካው ተመለሰ። ሦስት ልብስ ደርቦ ነበርና ቀይ ክሩ ያለበት ልክ እንደ ገና ጠበበው፤ በግቢ የተስማማው በሸሚዝ ሆኖ ነበረ። ቀድሞ ቢሆን ነክሶ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን ገና ጨለማ ሳለ፣ ምንም እንስሳ ሳይነቃ፣ ሁለት ጣት ያህል ጨመረለት፤ ጨርቁንም ወደ ጭኑ አወረደ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። ሽኮኮዎች በጉልበቱ አጠገብ አለፉ። ከቀትር በኋላ ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ ያለው ወንድ ዋላ ከበስተቀኙ መጣ፤ ደጋኑን በግራ እጅ ለሚይዝ ሰው ይህ ክፉው ወገን ነው። ሰውየው ግን በገመዱ ላይ ክብደቱን ጥሎ ቀስ በቀስ በግንዱ ዙሪያ ዞረ፤ ዋላውም አልሰማውም። ሠላሳ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመ። ሰውየው ከሃያ አምስት እርምጃ በላይ አይወረውርም፤ ይህን ወሰን ለራሱ ያወጣው ቀድሞ ነው። ዋላው የመሬቱን ሽታ አሽትቶ ወደ ረግረጉ ሄደ፤ ደጋኑም ሳይሳብ ቀረ።

ሲጨልም የወገቡን ገመድ አዞረ፤ ዋናውን ፈታ፤ የግራ እግሩን ወደ መወጣጫው ሰደደ። ብረቱ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ በጫማው ውስጥ ሳይቀር ተሰማው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ መሬት ደረሰ።

ከቤት በደረሰ ጊዜ ሚስቱ ስለ ዋላው አልጠየቀችውም፤ ዳሌህን አሳየኝ አለችው። በቀኙ ምንም አልነበረም። በግራው ግን አንዲት ትንሽ ቀይ ምልክት ተገኘች፤ ቀርበው ቢመለከቷት የመኪናው ቁልፍ ቅርጽ ከነጥርሱ ነበረች።