ከመጋዘን የተወለደ ቤት

የጦር ሰፈር ኑሮ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር ሰው ቤቱን ሳይሆን ጓዙን መውደድ እንዳለበት ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ወደ ነገሌ ስንዘዋወር የኖርንባቸው ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ነበሩ፤ ቁልፉን የተረከብነው ከንብረት ክፍል፣ የመለስነውም ለንብረት ክፍል ነው። ስለዚህ ከጡረታ በኋላ ታናሽ እኅታችንን ለመጠየቅ ሎስ አንጀለስ በሄድን ጊዜ እርሷና ባለቤቷ «ቤት ልንገዛ ነውና እናንተ ሳታዩት አንፈርምም» ቢሉን፣ እኛ ባልና ሚስት ደስታም ኀፍረትም ተሰማን። በዕድሜያችን አንዲት ክፍል እንኳ ገዝተን የማናውቅ ሰዎች ምን ምክር እንሰጣለን?

እኅታችን የምትኖረው በፌርፋክስ ጎዳና አቅራቢያ በኪራይ ቤት ነው። ይህ በኦሊምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ያለው ሰፈር በ2002 እ.ኤ.አ. በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፣ የእንጀራው፣ የበርበሬውና የቡናው ሽታ መንገደኛውን ከአገሩ ያልወጣ ያስመስለዋል። ሊገዙ ያሰቡት ቤት ግን የሚገኘው በመሐል ከተማው፣ ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠሩ የንግድ ሕንፃዎች በተደረደሩበት አካባቢ ነበር።

ወደዚያው ስንሄድ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ ቆም ብለን የተመለከትነው አንድ ሕንፃ አለ፤ ኢስተርን ኮሎምቢያ ይባላል። ክሎድ ቢልማን የተባለው መሐንዲስ ነድፎት በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ባለ 13 ፎቅ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር ነበር። ግንባሩ በወርቃማ ቀለም የተጌጠ የሰማያዊ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰ ነው፤ በአናቱም በአራቱም ማዕዘን ጊዜ የሚናገር የሰዓት ማማ ቆሞበታል። በ1985 እ.ኤ.አ. በከተማው የታሪክ ቅርስነት ተመዘገበ። ዛሬ በውስጡ ሸቀጥ የለም፤ 147 መኖሪያዎች ተከፍለውበት እያንዳንዱ የየባለቤቱ ሆኗል።

አንባቢያችን «መደብር እንዴት ቤት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባንኮቹና ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ከአሮጌው ሰፈር እየለቀቁ ወደ አዳዲስ ሕንፃዎች ተዛወሩ። በምድር ቤቶቹ ገበያው ቢደምቅም የላይኞቹ ፎቆች ለብዙ ዓመታት ባዶ ቀሩ። እነዚህን ሕንፃዎች ለመኖሪያ እንዳይለውጧቸው ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ የመኪና ማቆሚያ ደንብ ነበር፤ መኪና በጥቂቱ በነበረበት ዘመን የተሠራ ሕንፃ ለዛሬ መኪና ቦታ ከየት ያመጣል? በ1999 እ.ኤ.አ. ከተማው አዲስ ደንብ አውጥቶ ይህን ግዴታ አላላ። ባለ ሀብቶቹም የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ ሕንፃዎቹን እያጠናከሩ ወደ መኖሪያነት መለወጥ ጀመሩ።

እኅታችን የመረጠችው ቤት በሌላ መንገድ ላይ ባለ፣ ቀድሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት «ሎፍት» ይሉታል፤ የቃሉ የጥንት ትርጉም እኛ ቆጥ ከምንለው የሚቀራረብ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ምሰሶዎቹ ወፋፍራም ሲሚንቶ፣ መስኮቶቹም ለሰፊዎቹ ብርሃን እንዲያስገቡ የተከፈቱ ስለሆኑ እንደ በር የሰፉ ናቸው። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር አንድም የውስጥ ግድግዳ የለም።

«እስቲ በወታደር ዐይንዎ ይዩልን፣ ጋሼ» አለ የእኅታችን ባለቤት። ከእኛ አንዳችን ዙሪያውን ቃኝቶ «ይህማ የምልምሎች ማደሪያ ነው፤ የቀረው ተደራራቢ አልጋ ብቻ ነው» ሲል ሁላችንም ሣቅን። ሌላዋ ግን አልሣቀችም፤ ምድጃው ካለበት እስከ መኝታው ቦታ በእርምጃ ለካች። «ቡና ስትቆዪ ጭሱ ልጆቹ አልጋ ላይ ነው የሚያርፈው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅሽስ ልብሷን የት ትለውጣለች?» አለች። እኅታችን መስኮቱን እያየች «መጋረጃ እንሰቅላለን፣ እትዬ» ብላ መለሰች። ከዚያ መስኮት የሚታየው ተራራና የምሽት መብራት ልቧን እንደ ወሰደው ገባን። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የመኝታ ክፍሏ መስኮት የጎረቤት ግድግዳ ሲያሳያት ኖሯልና አልፈረድንባትም።

ቁም ነገሩ ግን ከመስኮቱም ከመጋረጃውም በላይ ነበር። የዚህ ዓይነት ቤት ባለቤትነት በአገራችን በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከተደነገገው ጋር በመሠረቱ ይመሳሰላል። በአጭሩ ከግድግዳው ቀለም ወደ ውስጥ ያለው የገዢው ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ አሳንሰሩና የውኃ ቧንቧው የሁሉም ነው። ለዚህ የጋራ ንብረት ነዋሪዎች በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ከመዋጮውም ለትልቅ ጥገና መጠባበቂያ ይቀመጣል። መጠባበቂያው ካነሰ ግን ማኅበሩ ልዩ መዋጮ ይጥላል፤ ትናንት የገባም ቢሆን እንደ ነባሩ ይከፍላል። በካሊፎርኒያ ሕግ ሻጩ የማኅበሩን ደንብና የሒሳብ ሰነድ ለገዢው ማስረከብ አለበት። ገዢው ከጠየቀም የቅርብ ጊዜ ቃለ ጉባኤዎች ይሰጡታል።

ያን ምሽት ሰነዱን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አነበብን። በጦር ሠራዊት ውስጥ የንብረት ርክክብ የፈረመ ሰው ያላየውን ዕቃ «ተረክቤአለሁ» እንደማይል የታወቀ ነው። በቃለ ጉባኤው በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የጣሪያው ማፍሰስ ተነሥቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተብሏል። አሳንሰሩም እንዲለወጥ ባለሙያ አሳስቧል። የመጠባበቂያው ሒሳብ ግን ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። የእኅታችን ባለቤት እርሳሱን አንሥቶ ደመረ፣ ቀነሰ፤ በመጨረሻም እርሳሱን አስቀምጦ ዝም አለ። ልዩ መዋጮው ሲመጣ የሚነካው ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር።

ሻጩ ዋጋውን እንዲቀንስ ቢጠየቅ አልተስማማም። ውሉ ለምርመራ የሰጣቸው ቀን ገና አላለፈምና ከግዢው ወጡ፤ ያስያዙትም ገንዘብ ተመለሰላቸው። እኅታችን በዚያ ሳምንት ከእኛ ጋር ብዙ አልተነጋገረችም። ቤቱን ያፈረስንባት እኛ የሆንን መሰላት፤ እኛም «ምነው ዝም ባልን ኖሮ» እስክንል ድረስ ከበደን። ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ግን ቡና አፍልታ ጠራችን። ሦስተኛውን ስኒ ስትቀዳልን «መስኮቱን ነበር የገዛሁት፤ ጣሪያውን አላየሁም ነበር» አለች።

ከአገር ቤት ከተመለስን በኋላ በጻፈችልን ደብዳቤ በዚያው አሮጌ ሰፈር ሌላ ቤት እያዩ መሆናቸውን ነግራናለች። መስኮቱ እንደ ፊተኛው የሰፋ አይደለም፤ ለልጅቷ ግን በር ያለው ክፍል አለው። የማኅበሩንም ሰነድ ከቤቱ በፊት እንደ ጠየቀች ጽፋለች። ገና አልፈረሙም።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችሁ ለኮንዶሚኒየም የምትቆጥቡ፣ ዕጣ የምትጠብቁ ወይም ከደረሰው ሰው ለመግዛት የምታስቡ ብዙዎች ናችሁ። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ባልና ሚስት አብራችሁ ደረጃውን ውጡ፤ ጣሪያውን፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና የፍሳሽ መስመሩን ተመልከቱ። የሕንፃው ማኅበር መኖሩን፣ ሒሳቡም በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። አንዳችሁ መስኮቱን ሲያይ ሌላችሁ ጣሪያውን ይይ። እኛ በሰው አገር፣ በሰው ገንዘብ የተማርነው ይህን ነው።