የሚጮኸው ሌላ፣ የሚበጠሰው ሌላ

ጋራዥ በር ላይ የተቀመጠ ሰው የሞተር ድምፅ ከሞተሩ ይልቅ ከባለመኪናው አፍ ይሰማል። «ሲጥ ሲጥ ይላል»፣ «እህል እንደሚፈጭ ያደርገዋል»፣ «ጠዋት ሲነሳ ቸርርር ብሎ ይተዋል»። የጋራዡ ልጆች ይስቃሉ። ሥራውን የሚያውቀው መካኒክ ግን አይስቅም፤ መቼ መቼ እንደሚጮህ ይጠይቃል። ሞተሩ አድሮ ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ ይፈጥናል? መሪ ሲጠመዘዝ ይብሳል? እነዚህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክ ሲያጋጥመኝ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ።

*

ታይሚንግ ቤልት፣ በጋራዥ አፍ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ራሱ ሲጮህ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው፤ ውስጡ የመስታወት ክር ተገምዶበታል። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱን አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ግላስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ኤስ 1004 በተባለው መኪናው ላይ ሲገጥመው፣ ከሰንሰለት ከሚበልጥባቸው ነገሮች አንዱ ዝምታው ነበር። ዛሬ ሰው የሚከስረው በዚሁ ዝምታ ነው። ሰንሰለቱ፣ በጋራዥ አፍ ካቴና፣ ሲላላ ይንኳኳል፣ ባለቤቱን ይነዘንዛል። ቺንጋ ግን ጀርባው ተሰነጣጥቆ፣ ጥርሱ ተገምጦም ትንፍሽ ሳይል ይከርምና መንገድ ላይ ይበጠሳል። በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ያኔ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ይመታቸዋል፤ ቴስታታው ይወርዳል፤ ሂሳቡም ሌላ ሂሳብ ይሆናል።

*

ታዲያ ከቺንጋው ሽፋን ኋላ የሚጮኸው ማነው? ጎረቤቶቹ ናቸው። የመወጠሪያው ኩሽኔታ ቅባቱ ሲደርቅ ያጓራል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁም አብሮ ይወጣል። በአንዳንድ ሞተሮች የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጋው ነው፤ የፖምፓው ኩሽኔታ ሲያልቅም ያው ማጓራት ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የደረቀ የውሃ እድፍ አለ። ቺንጋው ከልክ በላይ ከተወጠረ ያፏጫል፤ ከላላ ሽፋኑን ይገርፋል።

ሽፋኑ ራሱ የሚያሰማው መፋተግ አለ። ርካሹ ብልሽት ይሄ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ካለፈው ጥገና የተረፈ ነው። ሽፋኑን ሲመልስ አንድ ብሎን የተረፈው ሰው «እሷ እንኳ አታስፈልግም» ብሎ ኪሱ ይከታታል።

*

ዲናሞውንና ኤሲውን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ የታይሚንጉን ስም ሲያጠፋ ይኖራል። በብርድ ጠዋት ሲጥጥጥ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግበት፦ ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር አልተሰለፉም፤ ከባሰበት ደግሞ ላልቷል። ይህም ካልለየ ሞተሩ ጠፍቶ የውጪው ቺንጋ ይወልቅና ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ይነሳ። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከውጪ ነው፤ ካልጠፋ ሽፋኑ ይፈታ። ግማሽ ደቂቃ የሚባለው በምክንያት ነው፤ በአሮጌው ኮሮላ 4ኤ ሞተር ለምሳሌ የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው የውጪው ቺንጋ ስለሆነ ያለሱ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ አይዞርም።

*

ለማዳመጥ ካቻቢቴ ይበቃል፦ ጫፉ ዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ። የተበላ ኩሽኔታ ወዲያው ይለያል። ሞተር እየዞረ ነጠላና ክራቫት ግን ከኮፈኑ ሥር ምንም ጉዳይ የላቸውም።

*

ቺንጋ ሊያስቀይር ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው ቺንጋውን ብቻ ገዝቶ ይመለሳል። «ኩሽኔታው ገና ነው» ይላል፣ ሳያየው። ሁለቱን ለመቀየር የሚፈታው ያው አንድ ሽፋን፣ የሚከፈለውም ያው የእጅ ዋጋ ነው። የካምሻፍት ጎሚኒው ዘይት እያንጠባጠበ አዲስ ቺንጋ የሚያስገጥምም አለ፤ ዘይት የጠጣ ላስቲክ አብጦ ዕድሜው ያጥራል።

*

የቪትዝ ባለቤት «ታይሚንግ ቺንጋዬ ስንት ኪሎ ሜትር ቀረው?» ሲል ሰምቻለሁ። የለውም፤ ካቴና ነው።

*

አብዛኛው ላዳም ካቴና ነበር። ሲንኳኳ የታክሲው ሹፌር ራሱ የመወጠሪያዋን ዳዶ አላልቶ፣ ሞተሩን አዙሮ፣ መልሶ ያጠብቃት ነበር። አሁን መወጠሪያው በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ለሹፌሩ የቀረለት ዘይቱን በጊዜው መቀየር ነው።

*

በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች፤ ብዙ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ናት እንጂ ቺንጋውን አታይም። መብራቷን ብቻ አጥፍቶ መሸጥም ቺንጋ ከመቀየር ይረክሳል። ላስቲክ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ሽፋኑ ላይ በማርከር የሚጽፍ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

*

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ይህ ሁሉ ቺንጋ የለበትም። የቀሩት አሮጌዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸውን ይቀጥላሉ፤ ደላላም አብሯቸው።

ደላላ መኪናውን አሙቆ ነው የሚጠብቀው። የላላ ካቴና ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሞተሩ አድሮ ሲነሳ፣ ዘይቱ መወጠሪያው ጋ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመቀበል በፊት እጅ ኮፈኑ ላይ ይረፍ። ከሞቀ ዋጋ መነጋገሩ ቀርቶ ለነገ ጠዋት መቀጠር ነው። «ቴፑ ደግሞ ልዩ ነው፣ ስማው» ካለ ያጥፋው።