ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ድምፅ

በአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት የብራናው መጻሕፍት ሁሉ በሣጥን ተቈልፈው ይኖሩ ነበር። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ጣት ብራናን ያሳድፋል፤ እርጥበት ቀለምን ያፈዛል፤ የሌባም ነገር አያስተማምንም። ነገር ግን ጥበቃው ሲጠና አንባቢው እየራቀ ሄደ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ችግር በከፊል አቃልሎታል። ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀመጠ። በዚሁ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ሆነው ብዙዎቹን እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ለዓለም አበረከቱ። ቀድሞ ፊልሙን ለማየት ልዩ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ ተማሪው በእጅ ስልኩ ይገልጣቸዋል። ሥዕሉን በማሠራጨት ብቻ አንባቢ ይበዛል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው።

በዚያ ገዳም የሚማር አንድ ወጣት ዲያቆን የአንድ ገድል ሥዕል በስልኩ ይዞ ዘወትር ይቀመጥ ነበር። ፊደሉን ያውቃል፤ ሆኖም የንባብ ቤት ትምህርቱን ሳይጨርስ የመጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሣውንና የሚወድቀውን ለይቶ አያሳይም፤ ይህን የሚማረው ጆሮ ነው። ከአጠገቡ የሚያርፉት አረጋዊ አባት በበኩላቸው ዓይናቸው ስለ ደከመ መጽሐፍ ከያዙ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን የልጁን ንባብ ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«ልጄ፣ ቃሉን ጣልኸው፤ ተነሽ ነው» አሉት።

«እስቲ አባ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ» ብሎ በሁለት ጣቱ ፊደሉን አጐላላቸው።

አረጋዊው ፊደሉ የጥፍር ያህል ሆኖ ሲታያቸው ስልኩን ተቀብለው ገጹን እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ስልክን በጠቅላላው የንባብ ጠላት የሚያደርጉ ሰዎች ያን ጊዜ ቢኖሩ መልካም ነበር።

የመጻሕፍቱ ጠባቂ ይህን አይቶ በመስኮቱ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ለየላቸው፤ ከሠርክ ጸሎት በፊትም ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ተፈቀደ። «ጸጥታ ይከበር» የሚለው ማስታወቂያ ከግድግዳው አልወረደም፤ ጮኾ መማርን ለለመደ ተማሪ ግን ቀድሞም እንግዳ ነገር ነበር። ሌሎችም ተማሪዎች እየመጡ ይሰሙ ጀመር።

በአንድ ስፍራ ግን ንባቡ ተሰናከለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ደብዝዞ አልለይ አለ። አረጋዊው የገዳሙ ብራና እንዲወጣላቸው ጠየቁ። ጠባቂው ቍልፉን እያገላበጠ ጥቂት አመነታ፤ በኋላም ሣጥኑን ከፈተ። ስሙ በቀይ ቀለም ደምቆ ተገኘ፤ የገጹም ማዕዘን በቀደሙት አንባቢዎች ጣት ጠቍሮ ነበር።