በቀይ ቀለም የታረመ ጽሑፍ

ሰው የጻፈውን ሌላው ሲያርምበት በአደባባይ ልብሱን እንደ ተገፈፈ ያህል ያፍራል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም፤ በ1975 ዓ.ም. በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ለመመረቅ አንድ የጥናት ጽሑፍ ማቅረብ ግዴታ ስለ ነበረ፣ «በሸዋ የእህል መስፈሪያዎች» የሚል ርእስ መርጬ 38 ገጽ በእጄ ጽፌ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። ቁና ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ዳውላ ስንት ቁና እንደ ሆነ፣ ጣሳ በገበያ እንዴት እንደሚሠራበት፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ሲመለስልኝ ግን ከእኔ ሰማያዊ ቀለም ይልቅ የርሳቸው ቀይ ቀለም የበዛ መሰለኝ።

እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ደብተሩ ንጹሕ የሆነ ልጅ ይመሰገናል፤ ቀይ ምልክት የተገኘበት ግን የምሳ ዕረፍቱን የሳተውን ቃል 20 ጊዜ ሲጽፍ ያሳልፋል። (አስተማሪዎቼን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእጅ ጽሕፈቴ እስከ ዛሬ የሚነበበው በነርሱ ድካም ነው።) ስለዚህ ቀይ ቀለም ለእኔ ከኀጢአት የማይለይ ነገር ነበር። ወረቀቱን ሳላነብ ከፍራሼ ሥር ከትቼ 11 ቀን ተውሁት።

በ12ኛው ቀን አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ አገኘውና ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው። «መምህሩ ቢንቁህ ኖሮ ይህን ያህል ቀለም አይጨርሱብህም ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያረሙት በአማርኛ ነው። «አንድ ቁና ጤፍ 5 ኪሎ ይመዝናል» ካልሁት አጠገብ «የማን ቁና?» የሚል ተጽፏል። ሌላ ቦታ፣ «ይህን አንቀጽ ተርጕመህ ለእናትህ ብታነብላት ይገባታል?» ይላል። በ19ኛው ገጽ «12 ነጋዴዎችን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት» ከሚለው ቃሌ ሥር ሁለት ጊዜ አስምረው፣ «ዝርዝራቸውን አምጣ» ብለዋል።

ይህ የመጨረሻው አስደነገጠኝ። የጠየቅሁት 4 ነጋዴ ብቻ ነበርና።

እርሱን ለጊዜው ትቼ አንድ ነጠላ ወረቀት ለሁለት ከፈልሁ። በግራ በኩል የርሳቸውን ቃል በጥያቄ መልክ፣ በቀኝ በኩል እኔ የማደርገውን ጻፍሁ። ስጨርስ ብቆጥረው ምልክቱ ሁሉ 41 ነው፤ አብዛኛው ግን በአንድ ምሽት የሚቃና የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ነበር። በእውነት የሚያስቸግሩት ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጡም። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ደምሬ እንደ አንድ ትልቅ ስድብ ቆጥሬው ኖሬአለሁ።

ወደ ነጋዴዎቹ ልመለስ። በዚያው ሌሊት እርሳስ ይዤ ስም መፍጠር ጀመርሁ። 5 ስም ከነአባታቸው ጻፍሁ። ስድስተኛውን ጽፌ ባየው፣ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የሚስዮን ቤት አስተማሪ ስም ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱን ቀደድሁት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሲነጋ ቢሮአቸው ሄድሁና፣ «መምህር፤ 12 ያልሁት ሐሰት ነው፤ ያነጋገርሁት 4 ብቻ ነው» አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ።

«ለምን 4 ብቻ ሆኑ?»

ነገርኋቸው። በዚያ ዘመን የእህል ዋጋ በመንግሥት ይወሰን ነበር፤ ነጋዴውም ከሸመተው ከፊሉን በተወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ስለዚህ ደብተር ይዞ ስለ መስፈሪያ የሚጠይቅ ወጣት ሲያዩ ብዙዎቹ ጆንያቸውን አሥረው ዘወር ይሉ ነበር።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍኸውም?» አሉኝ። «ከፈጠርኻቸው 8 ሰዎች ይልቅ የሸሸህ አንድ ሰው ይበልጥ ያስተምረናል።» ከዚያም ተነሥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አጻጻፉን ግን አብረን እናስብበታለን» አሉ። ያነጋገርኋቸውን ሰዎች እውነተኛ ቍጥር በመግቢያው እንድጽፍ፣ ርእሱንም ከሸዋ ወደ አንድ ገበያ እንዳጠብበው አዘዙኝ። ርእሱ ሲጠብ ሥራው ቀለለኝ ብል አልዋሸሁም፤ ሸዋን ሁሉ ልሰፍር ተነሥቼ ነበርና።

«የማን ቁና?» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። እዚያም ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ መስፈሪያና ሚዛን ታሪክ ያሳተሙትን ጽሑፍ አነበብሁ። በአንድ ስም የሚጠራ መስፈሪያ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ከዚያ ተረዳሁ። ቀጥሎ ሚዛን ተውሼ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ወዳለችው ገበያዬ ተመለስሁ። ቁና ከሣር የሚሰፋ ስለ ሆነ እንደ ሰፊዋ እጅ ይሰፋል፣ ይጠባልም። አንዷ ሻጭ አናቱን ከምራ ትሰጣለች፤ ሌላዋ በመዳፏ ጠርጋ። ደግሞም ቁና ክብደትን አይለካም፤ በአንዱ ቁና ጤፍና ገብስ በየተራ ሰፍረን ብንመዝን ጤፉ ይከብዳል፤ የገብሱ ቅርፊትና በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው አየር ቦታ ይይዛልና። 5 ኪሎ ያልሁት ለካ የማንም ቁና አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። አማካሪዬ «ከርእስ ውጭ ነው፤ ይውጣ» ያሉት ስለ ምርቃት የጻፍሁትን ነበር። ምርቃት ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ የምትጨምረው እፍኝ መሆኑን ታውቃለህ። በአፍ አልተከራከርኋቸውም፤ እህሉን ከነምርቃቱና ያለ ምርቃቱ 10 ጊዜ መዝኜ ልዩነቱን በሠንጠረዥ አቀረብሁላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የራሳቸውን ቀይ መስመር ሰርዘው «ይቆይ» ብለው ጻፉ። አስተማሪው ያለውን ሁሉ ሳይጠይቅ መቀበል ትሕትና የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። 36 ዓመት ሳስተምር ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ እንዲህ ያለው ነበር፤ የራሴን ቃል መልሶ ያመጣልኛል እንጂ አሳቡን አላገኘውም።

እኔም ብሆን ቀይ ብዕር ይዤ በድያለሁ። በአንድ ልጅ ጽሑፍ ላይ «ድገመው» ብቻ ብዬ መለስሁለት፤ ምኑን እንደሚደግም አልነገርሁትም። ልጁ ያን ሥራ ይዞ ተመልሶ አልመጣም፤ እኔም ፈልጌ አልጠየቅሁትም።

ጽሑፌን በታይፕ አስመትቼ የመጨረሻውን ቅጂ ለአማካሪዬ ወሰድሁ። ገልጠው እያዩ በ7ኛው ገጽ ላይ ቆም አሉና ሣቁ። አንዲት «5 ኪሎ» ከእርማት አምልጣ ቀርታ ኖሯል። ብዕራቸውን አንሥተው ከጎኗ «የማን?» ብለው ጻፉባት። ገጹን እንደ ገና የማስመታበት ገንዘብ ስላልነበረኝ፣ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሰርዤ የአራቱን ሻጮች ክብደት በየራሱ በእጄ ጻፍሁበት። እንዲያው እንዳለ ተቀበሉኝ።