ወላጅም ይጠራ

ለመሆኑ ወላጅን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለክፍያና ለውጤት ብቻ የምንጠራው እስከ መቼ ነው? በአገራችን ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን ከአዲስ አበባ ልደታ እስከ ዓዲግራትና እምድብር የኦርቶዶክሱንም የሙስሊሙንም ልጅ ያስተምራሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ፣ የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው ይላል። እኔም ከልቤ አምንበታለሁ።

እስቲ የመጀመሪያ ቁርባን ለመቀበል የሚዘጋጀውን ልጅ አስቡት። ትምህርቱን መምህሩ ያስጠኑታል፤ እናቱ ልብሱን ታሰፋለች፤ አባቱ ስለ ድግሱ ያስባል። ማታ ቤት ሲገባ ግን አብሮት የሚጸልየው ማነው? ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆቹም ከልጁ ጋር ወደ ትምህርቱ ይምጡ እላለሁ። ቡና ይፈላ። አያትም አትቅር፤ በብዙ ቤት መቁጠሪያውን ሳታቋርጥ የምትደግመው እሷ ናትና። ከልጅነቱ ጀምሮ ሊጠይቅ ያፈረውን ነገር እዚያ በነፃነት የሚጠይቅ አባት አይጠፋም፤ ካህኑም ጊዜ ሰጥተው ይመልሱለት።

የሌላ እምነት ወላጆችስ? ማንም እምነታቸውን እንዲለውጡ አይጠይቃቸው። ለችግረኞች እህልና ልብስ ሲሰበሰብ ግን እነሱም ይጠሩ፤ ልጃቸው ስለ ፍቅር የሚማረውን አብረውት ይሥሩ።