የሰው ወርቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን ሰሞኑን በሰው ወርቅ ስንደምቅ ከርመናል። ወርቁ የሩቅ ነው፤ የአንጎላ። ባለቤቱም «ፕሪሜይሮ ዴ አጎስቶ» የሚባለው የሉዋንዳ ከተማ የቅርጫት ኳስ ክለብ ነው። «ደግሞ እናንተን ከሉዋንዳ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቋንቋቸውን አንሰማም፣ አገራቸውንም አልረገጥንም። ነገር ግን የአፍሪቃ ክለቦችን ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ ያነሣ ሌላ የወንዶች ቡድን በአህጉራችን የለም። ዘጠኝ! ታዲያ ኳስ የሚወድ ሁሉ «እንዴት አድርገው?» ብሎ አይጠይቅም ወይ?

ልደቱ የሰላም ልደት አልነበረም። አንጎላ ከፖርቱጋል ቀንበር የወጣችው በ1975 ነው (ዘመኑን ሁሉ በኤሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። የነጻነቱ ከበሮ ገና ሳይበርድ ወንድም ከወንድሙ ተታኮሰ፤ እሳቱም እስከ 2002 ድረስ አልጠፋም። ክለቡ የተቋቋመው በዚያ መካከል፣ ኦገስት 1 ቀን 1977 ነው። ስሙም ይኸው ቀን ነው፤ የጦር ሠራዊቱ መታሰቢያ ዕለት። የሠራዊቱ ክለብ ነዋ! መቻልን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የጦር ሠራዊት ክለብ ማለት ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ሜዳ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ሥነ ሥርዓት አለ፣ አለቃም አለ። በጦርነት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዋንጫዎቹን እንቁጠር። የመጀመሪያው በ2002 መጣ፤ ጠመንጃው ዝም ባለበት በዚያው ዓመት። ሁለተኛው በ2004። ከዚያ በ2007፣ በ2008፣ በ2009፣ በ2010፤ አራት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከቤቱ አልወጣም። በ2011 የቱኒዚያው ኤትዋል ዱ ሳሄል ወሰደበት፤ በ2012 እና በ2013 መልሶ አመጣው። ዘጠነኛውን በ2019 የሞሮኮውን ሳሌን በፍጻሜው ረትቶ ጨመረ።

ለጋዜጣ ይህ ይበቃል፤ እኛን ግን አላጠገበንም። ከ1977 እስከ 2002 ስንት ነው? ሃያ አምስት ዓመት! ባለዘጠኝ ዋንጫው ክለብ የመጀመሪያውን እስኪጨብጥ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። ከዝርዝሩ ሁሉ እኛን የያዘን ይኸው በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሩብ ምዕተ ዓመት ነው።

ሥራው የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ቪክቶሪኖ ኩኛ የተባለው አሠልጣኝ ክለቡንም ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ፤ የክለቡ አዳራሽ በስሙ ተሰይሟል። ዣን ዣክ ኮንሴይሳው በዚሁ ክለብ ተጫውቶ ወደ ሊዝበኑ ቤንፊካ ተሻገረ። በ1989 አንጎላ ጦርነቷን ሳትጨርስ በገዛ ከተማዋ በሉዋንዳ የመጀመሪያውን የአፍሪቃ ሻምፒዮንነት አገኘች። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የአሜሪካ ከዋክብት 116 ለ48 አሸነፏቸው፤ ዓለም የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው። እነዚያው ልጆች በዚያው ኦሊምፒክ የቤቱን ባለቤት እስፓኝን 83 ለ63 እንደረቱ ግን ስንቱ ያውቃል? አጨዋወታቸው የግዙፎች አልነበረም። ፍጥነት፣ ጥብቅ መከላከል፣ ከሩቅ መወርወር፣ ኳሷን ለጓደኛ ማቀበል፤ ይኸው ነው። ያ ትውልድ ይህን ልማድ ለሚቀጥለው አስረከበ። ዋንጫዎቹ በመጡ ጊዜ ሜዳ ላይ የነበሩት እነ ሚጌል ሉቶንዳ፣ እነ ጆአኪም ጎሜስ ከባዶ የጀመሩ ሰዎች አልነበሩም።

ሆኖም ክብር እንደ ርስት አይወረስም። እዚያው ሉዋንዳ ውስጥ ሌላ ክለብ አለ፤ በ1980 የተቋቋመው፣ የነዳጅ ዘይት ገንዘብ ከጀርባው ያለው ፔትሮ። በ2006 እና በ2015 የአፍሪቃን ዋንጫ አንሥቶ ነበር። በ2021 የድሮው ውድድር ቀርቶ አዲሱ የአፍሪቃ ቅርጫት ኳስ ሊግ ሲጀመር፣ ከዚያ ዓመት እስከ 2025 በአምስቱም ውድድሮች አንጎላን ወክሎ የገባው እሱ ነው። ባለዘጠኝ ዋንጫው ተመልካች ሆነ! በ2024 ፔትሮ ኪጋሊ ላይ የሊቢያውን አል አህሊን 107 ለ94 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ችኩል ደጋፊ «አበቃላቸው!» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ለመሆኑ ፔትሮን የሳለው ሞረድ ማን ነው? በየዓመቱ በገዛ ከተማው ከእንዲህ ያለ ባላጋራ ጋር መታገሉ አይደለም ወይ? በ2025 አንጎላ ሉዋንዳ ላይ ማሊን 70 ለ43 ረትታ ለ12ኛ ጊዜ የአፍሪቃ ሻምፒዮን ስትሆን፣ ድሉ የአንድ ክለብ ብቻ ነው ሊል የሚችል አልነበረም። ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ልማድ ግን ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።

እስቲ ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ቡድን አጥተን አናውቅም። ውድድር ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሰበሰባል፤ ማሊያ ከዚህም ከዚያም ይለቃቀማል፤ ውድድሩ ሲያልቅ ቡድኑም አብሮ ያልቃል። ጎበዞቹ ይመረቃሉ፤ ያወቁትንም ይዘውት ይሄዳሉ። በዓመቱ የሚመጣው ልጅ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሲጠይቁን «በጀት የለም» እንላለን። የለምም! ሠራዊትም ነዳጅም ከኋላችን እንደሌለ እናውቃለን፤ ያለ ገንዘብ ዘጠኝ ዋንጫ ይመጣል ብለን ሰው አናታልልም። ግን አራተኛ ዓመቱ የሚያውቀውን ለአንደኛ ዓመቱ ለማሳየት ስንት ብር ያስፈልገዋል? የማታ አንድ ሰዓትና አንድ ኳስ እኮ ነው!

ተረቱ አልተሳሳተም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። አጥልቀነው ብንዞር ነገ «መልሱ» እንባላለን። ነገር ግን አንጥረኛው ወርቁን ሲያቀልጥ ቁጭ ብሎ ማየትን የከለከለ የለም። ያየነውም ይህ ነው፤ ምድጃው ሃያ አምስት ዓመት ሲነድ ነበር፤ የሚያነድደው ሰው ቢለዋወጥም እሳቱ አልጠፋም።

እንግዲህ ዘንድሮ የምትመረቁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንዱን አዲስ ገቢ ጠርታችሁ ያን ከሩቅ መወርወር አሳዩልን።